ሎግዎ የሚንቀረፈፈው ኢላስቲክሰርች ዘንድ ሳይደርስ ነው

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ከ40 የዊንዶውስ ማሽኖች የተሰበሰበ 60 ጊጋባይት ያህል የኢቨንት ሎግ፣ ማለትም የማሽኖቹ የክንውን መዝገብ፣ አለኝ፤ ፋይሎቹ በሙሉ ኢቪቲኤክስ ናቸው። በፓይተን የጻፍኩት ስክሪፕት እያንዳንዱን ሬከርድ አንብቦ አንድ በአንድ ወደ ኢላስቲክሰርች ይልካል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ጠዋት ሳየው አንድ አምስተኛው እንኳ አልገባም። ማሽኑ 16 ኮርና 64 ጊጋባይት ራም አለው፤ ስክሪፕቱም ኢላስቲክሰርቹም እዚያው ላይ ናቸው። ራም ልጨምር ወይስ ሌላ ሰርቨር ልግዛ?»

ለጊዜው ምንም አይግዙ።

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ጣት የሚቀሰረው ዳታቤዙ፣ ማለትም መረጃውን የሚያስቀምጠውና የሚፈልገው ኢላስቲክሰርች፣ ላይ ነው። እርስዎ በገለጹት አሠራር ግን ኢላስቲክሰርች አብዛኛውን ሌሊት ሥራ ፈትቶ ሲጠብቅ ነው ያደረው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ስክሪፕቱ እየሠራ ሳለ የፕሮሰሰሩን አጠቃቀም ይመልከቱ፤ ፓይተን አንዱን ኮር 100 በመቶ ይዞ ሌሎቹ ካንቀላፉ ማነቆው ከዳታቤዙ በፊት ነው። ቀጥሎ ሁለቱን ሥራ ለያይተው ይለኩ። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ፋይል፣ የሴኩሪቲ ሎግ ቢሆን ይመረጣል፣ ይውሰዱና ምንም ሳይልኩ አንብበው ብቻ ውጤቱን ይጣሉት። ከዚያ ያንኑ ፋይል በየመስመሩ አንድ ጄሰን (ኢላስቲክሰርች የሚቀበለው የጽሑፍ ፎርማት) አድርገው ዲስክ ላይ ያስቀምጡና፣ የማንበቡን ሥራ ትተው መላኩን ብቻ ይሞክሩ። በሰከንድ ስንት ሬከርድ እንዳለፈ ሁለቱንም ይመዝግቡ። ትንሹ ቁጥር ያለበት ጎን ነው የእርስዎ ሥራ፤ ሌላውን ቢያፈጥኑት ለውጥ አያዩም።

አንባቢው ለምን እንደሚዘገይ ለመረዳት ፋይሉ ውስጥ ያለውን ማወቅ ይጠቅማል። ኢቪቲኤክስ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለ ፎርማት ነው። ይዘቱ ኤክስኤምኤል ነው፤ ግን በጽሑፍ ሳይሆን በባይነሪ ታሽጎ። ፋይሉ በ4,096 ባይት ራስጌ ይጀምርና ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው 65,536 ባይት የሆኑ ቻንኮች፣ ማለትም ቁራጮች፣ ይከተላሉ። አንድ ዓይነት ኢቨንት ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ሙሉው ኤክስኤምኤል ሺህ ጊዜ አይጻፍም፤ ቅርጹ በቻንኩ ውስጥ እንደ ቴምፕሌት ይቀመጥና እያንዳንዱ ሬከርድ በክፍት ቦታዎቹ የሚገቡትን ዋጋዎች ብቻ ይይዛል። ስለዚህ አንባቢው ለእያንዳንዱ ሬከርድ ቴምፕሌቱን አግኝቶ፣ ዋጋዎቹን ሰክቶ፣ ቁጥሩን ከቁጥር፣ ሰዓቱን ከሰዓት፣ የአካውንት መለያውን ከመለያ ለይቶ እንደገና መገንባት አለበት። በንጹሕ ፓይተን የተጻፈ አንባቢ ይህን ሲሠራ በጣም ያዘግማል። ለመማሪያና የተበላሸ ፋይልን ባይት በባይት ለመመርመር ግሩም ነው፤ ለ60 ጊጋባይት ግን አይሆንም።

ደስ የሚለው፣ እያንዳንዱ ቻንክ የሚያስፈልጉትን ቴምፕሌቶችና የጽሑፍ ሠንጠረዥ ራሱ ይዟል። አንዱን ለማንበብ ጎረቤቱን መጠየቅ አያስፈልግም ማለት ነው። ያ ማለት ደግሞ 16 ኮር ካለዎት 16 ቻንክ በአንድ ጊዜ ሊነበብ ይችላል። በረስት ቋንቋ የተጻፈው ኢቪቲኤክስ ላይብረሪና ከእሱ ጋር የሚመጣው ኢቪቲኤክስ ደምፕ የሚባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ በዚህ ይጠቀማሉ፤ የትሬዱን፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩትን የሥራ ክሮች፣ ብዛት መወሰን ይቻላል፣ ውጤቱንም በየመስመሩ አንድ ጄሰን አድርጎ ያወጣል። የፓይተን ማያያዣም ስላለው ስክሪፕትዎን መጣል የለብዎትም፤ የማንበቢያውን ክፍል ብቻ መተካት ነው። እኔን ቢጠይቁኝ መጀመሪያ የሚቀይሩት ይህን ነው፤ ከሌላው ማስተካከያ ሁሉ በላይ ለውጥ የሚያዩበትም እዚህ ነው።

በፓይተን ውስጥ ሥራውን ለማከፋፈል ካሰቡ ትሬድ ሳይሆን የተለያየ ፕሮሰስ ይጠቀሙ፤ የፓይተን ትሬዶች የአንድ ፕሮሰስ የውስጥ ቁልፍ ስለሚሻሙ ለእንዲህ ዓይነቱ ስሌት አይረዱም። ፋይሎቹንም ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድረው ያከፋፍሉ። የዊንዶውስን የሎግ ፎልደር ከፍቶ ያየ ሰው ሁለት መጠኖችን ይለያቸዋል፤ 68 ኪሎባይትና 1,028 ኪሎባይት። የመጀመሪያው ራስጌና አንድ ቻንክ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ራስጌና 16 ቻንክ። አብዛኛው ፋይል ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ክብደቱ ያለው ሴኩሪቲ፣ ሲስሞንና ፓወርሼልን በመሰሉ ጥቂት ፋይሎች ላይ ነው። በፊደል ተራ ካከፋፈሉ ትልልቆቹ መጨረሻ ላይ ይቀሩና 15 ኮር ቁጭ ብሎ አንዱ ሲለፋ ያያሉ። ትንንሾቹን ግን «ባዶ ናቸው» ብለው አይዝለሏቸው፤ 68 ኪሎባይት ውስጥ ብዙ ሬከርድ ይገባል።

ወደ መላኩ እንምጣ። ሬከርድን አንድ በአንድ መላክ ማለት ለእያንዳንዱ መስመር አንድ የኤችቲቲፒ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ በነባሪው አሠራር ደግሞ አንድ የዲስክ ማረጋገጫ ማለት ነው። ለዚህ ነው በልክ (bulk፣ በጅምላ መላኪያ) የሚባለው ኤፒአይ ያለው፤ ብዙ ሬከርድ በአንድ ጥያቄ ይሄዳል። የፓይተኑ ክላየንት ረዳት ፋንክሽን በነባሪ 500 ሬከርድ በአንድ ጊዜ ይልካል። እኔ በሬከርድ ቁጥር ሳይሆን በመጠን ማሰብን እመርጣለሁ፤ አንዱ ኢቨንት ጥቂት መቶ ባይት ሲሆን አንዱ ብዙ ኪሎባይት ነውና። ከ5 ሜጋባይት ይጀምሩ፣ ወደ 10 ከዚያም ወደ 15 ከፍ እያደረጉ ይለኩ፤ ፍጥነቱ መጨመር ሲያቆም እዚያው ይቁሙ። ኢላስቲክሰርች በነባሪ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ጥያቄ አይቀበልም፤ ግን ወደዚያ መጠጋትም ሂፑን (ኢላስቲክሰርች ለራሱ የያዘውን ራም) ከማስጨነቅ በቀር ጥቅም የለውም። ከሁለት እስከ አራት ላኪ ጎን ለጎን ይበቃል፤ ማሽኑ አንድ ስለሆነ ከዚያ በላይ ሲጨምሩ ከራስዎ ጋር መሻማት ነው።

ላኪዎቹ ሲበዙ 429 የሚል መልስ መምጣት ይጀምራል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ «ሰልፉ ሞልቷል፣ ትንሽ ቆይተህ ና» ማለት ነው። ስክሪፕቱ ቆም ብሎ፣ የቆይታውን ጊዜ እያራዘመ እንደገና መሞከር አለበት። የፓይተኑ ስትሪሚንግ በልክ ግን የድጋሚ ሙከራ ቁጥሩ በነባሪ ዜሮ ነው፤ እርስዎ ካልሰጡት አይሞክርም። ፓራለል በልክ የሚባለውን ከተጠቀሙ ደግሞ ውጤቱን በሉፕ ካላነበቡት ምንም ነገር እንደማይልክ ይወቁ። ስክሪፕቱ በሁለት ሰከንድ ሲያልቅ ተደስተው፣ ኢንዴክሱን (ሬከርዶቹ የሚገቡበትን የኢላስቲክሰርች መዝገብ) ከፍተው ባዶ ያገኙት ብዙ ናቸው።

የኢንዴክሱ ሴቲንግ ላይ ብዙ አልቆይም፤ በየትም የሚገኝ ምክር ነው። መጫኑ እስኪያልቅ ሪፍሬሽ ኢንተርቫሉን ኔጌቲቭ 1 ያድርጉ፤ ይህም አዲስ የገባው ለፍለጋ እንዲታይ በየሰከንዱ የሚደረገውን ሥራ ያቆማል። ሬፕሊካውን፣ ማለትም የዳታውን ተጨማሪ ቅጂ፣ 0 ያድርጉ፤ በአንድ ማሽን ላይ ሬፕሊካ ቀድሞም የሚቀመጥበት የለውም። ትራንስሎጉን (የገባው ሁሉ የሚመዘገብበትን የደህንነት ማስታወሻ) አሲንክ፣ ማለትም በየጥያቄው ዲስኩን የማይጠብቅ፣ ማድረግ ይቻላል፤ ኃይል ቢቋረጥ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ሊጠፉ ይችላሉ፣ ምንጩ ፋይል በእጅዎ ስላለ ግን ጉዳት የለውም። ሂፑ ከራሙ ግማሽ አይለፍ፣ ከ32 ጊጋባይትም በታች ይሁን፤ የቀረው ራም ባዶ አይደለም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለፋይል ማቆያ ይጠቀምበታል። የእርስዎ 64 ጊጋባይት ለዚህ ሥራ ይተርፋል። ለ40 ማሽን 40 ኢንዴክስ አይክፈቱ፤ የማሽኑ ስም አንድ ፊልድ ይሁን። አንድ ኢንዴክስ ከጥቂት ሻርዶች (የኢንዴክሱ ክፍልፋዮች) ጋር በቂ ነው፤ እያንዳንዱ ሻርድ ከ10 እስከ 50 ጊጋባይት እንዲሆን ያስሉ። ሲያሰሉ ጄሰኑ ከባይነሪው በብዙ እንደሚያብጥ ያስታውሱ።

ሰው በእውነት የሚወድቅበት ማፒንጉ፣ ማለትም የትኛው ፊልድ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚወስነው ዝርዝር፣ ላይ ነው።

ፊልዶቹን አስቀድመው ካልነገሩት ኢላስቲክሰርች የመጀመሪያውን ሬከርድ አይቶ ራሱ ይወስናል፤ የወሰነውን የፊልድ ዓይነት ደግሞ በዚያው ኢንዴክስ ላይ መለወጥ አይቻልም። የዊንዶውስ ሎግ ግን አንድ ወጥ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮቫይደር (ኢቨንቱን የሚጽፈው ፕሮግራም) ኢቨንት ዳታ በሚባለው ክፍል ሥር የፈለገውን ስም ያወጣል። ቻናሉን (ሴኩሪቲን፣ ሲስተምን የመሰለውን የሎግ ዓይነት) ሁሉ አንድ ላይ ሲያፈሱት የፊልዶቹ ብዛት በነባሪ የተፈቀደውን 1,000 ያልፍና አዲስ ስም ይዞ የመጣ ሬከርድ ይመለሳል። ሰዉ የሚያደርገው ገደቡን ወደ 10,000 ከፍ ማድረግ ነው፤ እኔ አልመክርም። አዲስ ፊልድ በተገኘ ቁጥር ማፒንጉ መታደስ አለበት፤ ያም ራሱ መጫኑን ያዘገያል። በዚያ ላይ ነባሪው አሠራር እያንዳንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያስቀምጣል፤ አንድ ጊዜ በቃላት ተከፋፍሎ፣ አንድ ጊዜ እንዳለ። ለአካውንት መለያ ወይም ለአይፒ አድራሻ የመጀመሪያው ከንቱ ድካም ነው።

ከብዛቱ የከፋው ግጭቱ ነው። በአንዱ ፕሮቫይደር ዘንድ ስቴተስ የሚባለው ፊልድ ተራ ቁጥር ነው፤ በ4625፣ ማለትም ባልተሳካው ሎጊን ላይ፣ በሄክሳዴሲማል የተጻፈ ኮድ ነው። ቁጥሩ ቀድሞ ከገባ ኮዱ ይመለሳል። የኢቨንት ቁጥሩ ራሱ እንኳ ሁለት መልክ አለው። በሴኩሪቲ ሎግ ውስጥ እንዲሁ 4624 ብሎ ይመጣል። የቆየውን አሠራር በሚከተሉ ፕሮቫይደሮች ግን ኳሊፋየርስ የሚባል ተጨማሪ አትሪቢውት ይለጠፍበታል፤ ያኔ ወደ ጄሰን ሲቀየር ቁጥር መሆኑ ይቀርና በውስጡ ቁጥሩን የያዘ ኦብጀክት ይሆናል። ኢላስቲክሰርች ቁጥር ብሎ በያዘው ፊልድ ላይ ኦብጀክት ሲመጣበት ሬከርዱን ሙሉ በሙሉ ይጥለዋል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ በጥድፊያ የሴኩሪቲ ሎጉን አስቀድሜ፣ ሲስተም ሎጉን አስከትዬ ጫንኩ። መልሱ በሙሉ 200 ነበር፤ ስክሪፕቱም ምንም ሳያጉረመርም ጨረሰ። በማግስቱ መርማሪው 7045ን ሲፈልግ አንድም አላገኘም። 7045 አዲስ ሰርቪስ መጫኑን የሚናገር ኢቨንት ነው፤ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሊቆይ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ዱካውን የሚተወው እዚያ ነው። የሚጽፈው ሰርቪስ ኮንትሮል ማኔጀር ደግሞ ኳሊፋየርስ ከሚለጥፉት አንዱ ነው። አንዱም አልገባም። በልክ ኤፒአይ በውስጡ ያሉት ሬከርዶች ቢወድቁም ጥያቄው ራሱ እስከተስተናገደ ድረስ 200 ይመልሳል፤ የወደቀው በመልሱ ውስጥ ኤረርስ በሚለው ፊልድና በየሬከርዱ ዝርዝር ላይ ነው የሚታየው። እኔ ያንን አላነበብኩትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው፤ ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

መፍትሔው ብዙ አያስቸግርም። ኢቪቲኤክስ ደምፕ አትሪቢውቶቹን ለብቻ አውጥቶ የሚያስቀምጥ ምርጫ አለው፤ እሱን ካበሩት የኢቨንት ቁጥሩ ሁልጊዜ ቁጥር ሆኖ ይመጣል። በስክሪፕትም ቢሆን ሁለት መስመር ነው። ቀጥሎ ሁልጊዜ የሚፈልጓቸውን ፊልዶች በስማቸው ያውጁ፦ ሰዓት፣ የኮምፒውተር ስም፣ ቻናል፣ ፕሮቫይደር፣ የኢቨንት ቁጥር፣ የሬከርድ ቁጥር፣ ከዚያ የአካውንት ስም፣ የሎጊን ዓይነት፣ የመነሻ አይፒ፣ የፕሮሰስ ስምና የትእዛዝ መስመር። የቀረውን የኢቨንት ዳታ በሙሉ ፍላተንድ በሚባለው የፊልድ ዓይነት ይያዙት፤ ከኢላስቲክሰርች 7.3 ጀምሮ አለ፣ ኦፕንሰርች ላይ አቻው ፍላት ኦብጀክት ይባላል። በዚህ ዓይነት ሥሩ ያለው ስም ሺህም ይሁን አሥር ሺህ በማፒንጉ ላይ እንደ አንድ ፊልድ ይቆጠራል፤ ዋጋውም ሁሉ እንደ ጽሑፍ ስለሚያዝ ቁጥርና ኮድ አይጋጩም። የሚከፍሉት ዋጋ፣ በዚያ ውስጥ «ከዚህ በላይ፣ ከዚያ በታች» የሚል የቁጥር ፍለጋ በትክክል አይሠራም፤ ለዚህ ነው ዋና ዋናዎቹን ለብቻ ያወጣነው። ዩዘር ዳታ የሚባለውንም ክፍል እንዲሁ ያድርጉት። ሰው ይረሳዋል፤ ሎግ መጥፋቱን የሚናገረው 1102 ዝርዝሩን የሚያስቀምጠው ግን ኢቨንት ዳታ ውስጥ ሳይሆን እዚያ ነው።

ፍላተንድ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢላስቲክሰርች የተሠራበት የፍለጋ ሞተር ሉሲን አንድን ያልተከፋፈለ ቃል ከ32,766 ባይት በላይ አይቀበልም፤ ስለዚህ ኢግኖር አበቭ የሚባለውን ገደብ ወደ 8,000 ገደማ ያድርጉት፤ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እስከ 4 ባይት ሊወስድ ይችላልና። ነገር ግን ከገደቡ የረዘመው ጽሑፍ በሬከርዱ ውስጥ ይታያል እንጂ በፍለጋ አይገኝም። የፓወርሼልን ስክሪፕት የሚይዘው 4104 ከዚህ በቀላሉ ያልፋል። የስክሪፕቱን ጽሑፍ ለብቻው ቴክስት ፊልድ አድርገው ያውጡት፤ በውስጡ አንድ ቃል መፈለግ የሚቻለውም እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ፓወርሼል ረጅሙን ስክሪፕት ራሱ ከፋፍሎ በተከታታይ 4104 ሬከርዶች እንደሚጽፍም ልብ ይበሉ፤ የክፍል ቁጥሩንና የክፍሎቹን ብዛት የያዙትን ፊልዶች አይጣሏቸው።

ሰዓቱ ዩቲሲ ነው፤ እንዳለ ያስገቡት። ዊንዶውስ ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1601 ጀምሮ በ100 ናኖሰከንድ እርከን ነው፤ የኢላስቲክሰርች ተራው የቀን ፊልድ ግን ሚሊሰከንድ ላይ ያቆማል። በአንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ የተፈጠሩ ኢቨንቶች ቅደም ተከተል እንዳይዛባ ዴት ናኖስ የሚባለውን የፊልድ ዓይነት ይጠቀሙ፣ ወይም ሲደረድሩ የሬከርድ ቁጥሩን ሁለተኛ መለያ ያድርጉት። እኔ ሁለተኛው ይበቃኛል።

የሰነዱን መለያ በተመለከተ ሁለት አስተያየት አለ። ፍጥነት ብቻ ከፈለጉ ኢላስቲክሰርች ራሱ እንዲያወጣው ይተዉት፤ ቀድሞ ያለ መሆኑን መፈተሽ ስለማይኖርበት ይፈጥናል። እኔ ግን ለምርመራ ሥራ ራሴ ነው የማወጣው፤ ከኮምፒውተር ስም፣ ከቻናል፣ ከሬከርድ ቁጥርና ከሰዓቱ የተሠራ ሃሽ። ሰዓቱ የሚገባው በዚያው ስም እንደ አዲስ የተጫነ ማሽን ቁጥሩን ከ1 ስለሚጀምር ነው። መጫን መሃል ላይ መቋረጡ አይቀርም፤ ያኔ የገባውን ሳልቆጥር ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። ክሪኤት በሚለው ትእዛዝ ከላኩ የተደገመው ሬከርድ በ409 ይመለሳል፣ ያ ደግሞ ጥፋት አይደለም። በ400 የሚመለሰው ነው የማፒንግ ግጭት። ሁለቱን በተለያየ ቆጣሪ ይያዟቸው፤ 400 የመጣበትንም ሬከርድ ከነምክንያቱ ወደ ፋይል ይጻፉት።

ስክሪፕት መጻፍ ከሰለቸዎት ኢቪቲኤክስ ቱ ኢኤስ የሚባል ክፍት መሣሪያ አለ፤ ያንኑ የረስት አንባቢ በብዙ ፕሮሰስ እያሠራ በበልክ ይልካል። ዊንሎግቢትም የተቀመጡ ኢቪቲኤክስ ፋይሎችን ያነባል፤ የሚሠራው ግን ዊንዶውስ ላይ ነው። አንድ ብልጫ አለው። የኢቨንቱ ሙሉ የማብራሪያ ጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ የለም፤ ሎጉን በጻፈው ማሽን ላይ ባሉ የፕሮቫይደር ፋይሎች ውስጥ ነው ያለው። ዊንሎግቢት እነዚያን ካገኘ ማብራሪያውን ሞልቶ ያስገባል፣ የረስቱ አንባቢ አያደርገውም። በቁጥርና በፊልድ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ብዙ አያጎድልም።

ሙሉውን 60 ጊጋባይት ከመልቀቅዎ በፊት ከአንድ ማሽን ሴኩሪቲ፣ ሲስተም፣ አፕሊኬሽንና ፓወርሼል ሎጎችን ብቻ ጭነው ይሞክሩ፤ ማፒንጉ የሚሰበር ከሆነ በእነዚህ ላይ ይሰበራል። ጄሰኑን ዲስክ ላይ በመጭመቅ ቢያስቀምጡት ማፒንግ አስተካክለው ሲደግሙ እንደገና ማንበብ አይኖርብዎትም። ሲጨርሱ ሪፍሬሽ ያድርጉና አንባቢው አወጣሁ ያለውን ብዛት፣ ኢንዴክሱ ያለውን ብዛትና የ400ዎቹን ቆጣሪ ያነጻጽሩ፤ ንጹሕ ኢንዴክስ ላይ አንድ ጊዜ ከጫኑ የመጀመሪያው ከሌሎቹ ሁለቱና ከ409ዎቹ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። አንባቢው ራሱ «ይህን ቻንክ ማንበብ አልቻልኩም» ያለባቸውንም ፋይሎች ይያዙ፤ ብዙውን ጊዜ ሎጉ እየተጻፈበት ሳለ በቀጥታ የተገለበጡ ናቸው፣ ማሽኑ ካለ በዊንዶውሱ የሎግ መሣሪያ በዌቭትዩቲል እንደገና ኤክስፖርት ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ሪፍሬሹን ወደ ነበረበት ይመልሱ፣ ሌላ የሚጨምሩበት ነገር ከሌለ ፎርስ መርጅ (የኢንዴክሱን ቁርጥራጭ ፋይሎች ማዋሃድ) ያድርጉ። ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ከዘገየ፣ መጀመሪያ የለኳቸውን ሁለት ቁጥሮች ይላኩልኝ፤ ስለ ሰርቨሩ ያኔ እናወራለን።